ሁሉም ያውቃል

በእኛ አካባቢ አንድን ክርክር ቶሎ መዝጋት ሲፈለግ «ኧረ ተወው፣ ሁሉም ያውቀው የለም እንዴ!» ይባላል። እገሌ የጎረቤቱን ወሰን ገፍቷል፤ ሁሉም ያውቃል። እገሊት የባሏን ወንድሞች አስተምራ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች፤ ሁሉም ያውቃል። በደልም ይሁን ውለታ፣ አገር ካወቀው በኋላ ማንሳቱ ነገር እንደ መቆስቆስ ይቆጠራል። እኔ ግን ነገሩ የሚጀመረው እዚያ ላይ ይመስለኛል። አገር ያወቀው ጉዳይ፣ ያደረገው ሰው ለተደረገበት ሰው ፊት ለፊት እስኪናገረው ድረስ ለባለጉዳዩ የፈየደው ነገር የለም። እንዲያውም ያብስበታል። ማንም ሳያይ የተበደለ ሰው «ቢያውቁልኝ ኖሮ» ብሎ ይጽናናል፤ ሁሉም እያየ የተበደለ ሰው ያ መጽናኛም የለውም።

ይህን በደንብ የተረዳሁት ጎጃም ውስጥ ከቢቸና ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ በተደረገ የወሰን ሽምግልና ላይ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ሁለቱም በዕድሜ የገፉ ገበሬዎች፣ አበልጆችም ናቸው። አንደኛው በየዓመቱ በእርሻ ወቅት አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም እያለ ወደ አበልጁ ማሳ ሲገባ ኖሯል። የወሰኑ ድንጋይ መቼ እንደተነቀለ እረኞች እንኳ ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከረፋድ ጀምሮ ሲያነሱ ሲጥሉ ከዋሉ በኋላ ተከሳሹ ተነስተው «ለሰላም ስል፣ ስለ አበልጅነታችንም ስል፣ መሬቱን ለቅቄያለሁ» አሉ። ጉባኤው ደስ አለው። ሊመርቅ የተዘጋጀም ነበር። ከሳሹ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱና «ለሰላም ብሎ አይስጠኝ። የእኔ ስለሆነ ይስጠኝ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «መሬቱ ተመለሰልህ፤ ሌላ ምን ቀረህ?» ተባሉ። ግትር ተባሉ፤ ሰላም የማይወዱ ተባሉ። ጉዳዩ በመጨረሻ ወረዳ ፍርድ ቤት ገብቶ በልኬት አለቀ። ሁለቱ ሰዎች ግን ዛሬም አይነጋገሩም።

የሰውየው ሒሳብ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ያንን መሬት እንደ ስጦታ ቢቀበሉት ኖሮ በገዛ መሬታቸው እጅ ነስተው ማመስገን ነበረባቸው። ለዓመታት ወሰን ሲገፋ የኖረው ሰው ደግሞ በአንድ ከሰዓት ቸር ተብሎ፣ ተመርቆ ወደ ቤቱ ይገባል። መሬቱ ይመለሳል፤ ታሪኩ ግን ተገልብጦ ይጻፋል። ነገ ልጆቹ ተጣልተው ሲሰዳደቡ «አባታችን ለአባታችሁ የለቀቀላችሁ መሬት» መባሉ አይቀርም።

ይህ የግትርነት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የጎጃምን የመሬት ታሪክ የሚያውቅ ይረዳዋል። የ1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ እስኪያደርግ ድረስ በእኛ አገር ርስት የሚጠየቀው በዘር ሐረግ ነበር። ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ፣ አዛውንት መስክረውለት ነበር ድርሻ የሚያገኘው። እንዲህ ባለ አገር በሽማግሌ ፊት ስለ መሬት የተነገረ ቃል ራሱ ሰነድ ነው። በ1960 የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ የፈራው የግብሩን ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬቴን ሊለካ የመጣው ሹም ርስትነቱን ይክድብኛል የሚል ስጋትም ነበረበት። የቢቸናው ገበሬ ያንን ቋንቋ ከአባታቸው ተምረውታል። ሽማግሌዎቹም ተምረውት ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ሰዓቱ መሽቶባቸዋል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን። ተረቱ ለወጊው ያደላል ብዬ አስባለሁ። የወጋ ሰው መቼ ረሳና! ረስቶ ቢሆን ኖሮ ተበዳዩን ሲያይ የገበያ መንገዱን አያዞርም ነበር። ለቅሶ ቤት አንድ ድንኳን ውስጥ ሲገናኙ ከወዲያ ጥግ አይቀመጥም ነበር። የጎደለው ትዝታ ሳይሆን አፍ ነው። ጥፋቱን ማመን ደግሞ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። «አድርጌዋለሁ» ያለ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩን እንደፈለገው መተረክ አይችልም፤ ተራኪነቱን ለተበዳዩ አስረክቧል። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቃሉን የሚቆጥበው። መሥሪያ ቤቶቻችንም ይህን ጥበብ ተክነውበታል። «በተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል፤ መስተጓጎሉን ማን እንደፈጠረው ግን ወረቀቱ አይናገርም። በራሱ ጊዜ ተፈጠረ እንበል?

የደም አድራቂ ሽማግሌዎች ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ አሳምረው ያውቁታል። ደም የተቃቡ ወገኖች የሚታረቁበት ሥርዓት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ካህን መስቀል ይዞ መሃል ይገባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ መሐላ ይፈጸማል። እኔን የሚገርመኝ ግን ገዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ የሟች ቤተሰብ ፊት የሚወድቅበት ክፍል ነው። ፍርድ ቤት ይህን አያደርግም። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ጥፋተኛው ከልቡ ከተጸጸተ ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ጸጸቱ የሚነገረው ግን ለዳኛው ነው። ዳኛው ደግሞ ወንድም አልሞተበትም። እስራቱን ጨርሶ የወጣ ሰው ዕርቅ ሳይወርድ ወደ ቀዬው መግባት የሚፈራው ለዚህ ነው። ለመንግሥት ያለበትን ከፍሏል፤ ለሟች እናት ግን ገና አንድ ቃል አልተናገረም። ገዳዩ ማን እንደሆነ እናቲቱ ከማንም በፊት ታውቃለች፤ የምትጠብቀው መረጃ አይደለም።

ሽምግልናን እንዲህ ሳወድስ ግን አፌን ሞልቼ አይደለም። ይቅርታ የሚወድቅበት እግር ይሳሳታል። ልጃገረድ ስትጠለፍ ሽማግሌ የሚላከው ለአባቷ ነበር። አባት ይካሳል፣ እግሩ ይሳማል፣ ጠቡ ይበርዳል፤ ልጅቱ የጠላፊዋ ሚስት ሆና ትቀራለች። በስሟ በተደረገው ዕርቅ ውስጥ እሷን «በድዬሻለሁ» ያላት ሰው የለም። ሕጉም ለረጅም ጊዜ ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ ማምለጫ የተዘጋው በ1997 ነው። እነዚያ ሴቶች ዛሬ አያቶች ናቸው። ስለ ሰርጋቸው ሲጠየቁ አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ወሬ ያስቀይራሉ።

እስካሁን ስለ በደል ብቻ አወራሁ። መልካም ሥራም ያው ነው፤ ተናጋሪ ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ጎጃም የራሱ ትምህርት ቤት አለው፤ ቅኔ ቤቱ። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወግ ያደገ ተማሪ ቀኑን ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ተደግፎ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ፣ ይውላል። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ አልፎ፣ ዓመታት ሲቆጠሩ ስምንት ቤት መወድስ ላይ ይደርሳል። የቆጠረውን ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፤ አንዳንዴ ሙሉውን አፍርሰው ይመልሱታል። የሰመረ ቅኔ ሲወጣ ግን «ይበል!» ይባላል።

ይህቺ «ይበል» እንዲሁ አትገኝም። ቅኔውን ያልገባው ሰው «ይበል» ቢል በአጠገቡ ያሉት ያውቁበታል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ የጮኸ ሰው ከባለ ቅኔው በላይ ይጋለጣል። ስለዚህ አወዳሹም እንደ ባለ ቅኔው ተፈታኝ ነው። በሰው ሥራ ላይ ቃል ለመስጠት ሥራውን መረዳት ያስፈልጋል፤ ለመረዳት ደግሞ መድከም። ጊዜና ጆሮ ያልተከፈለበት ሙገሳ ተናጋሪውንም ተቀባዩንም አያሞቅም። በየአዳራሹ በጅምላ የሚታደለው የምስጋና ምስክር ወረቀት ለምን ከግድግዳ ላይ ቶሎ እንደሚወርድ ይህ ያስረዳል። ለመጣም ላልመጣም፣ ለሠራም ለተኛም ያው ፊርማ፣ ያው ማኅተም። የቅኔ መምህር ለአርባ ተማሪ በአንድ ቀን «ይበል» ቢሉ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወግ የሚያውቅ አገር ለራሱ ሰው ቃል ሲነፍግ ማየት ያስገርማል። ደጃዝማች በላይ ዘለቀን ሳስብ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይህ ነው። በአምስቱ የጠላት ዘመን ጎጃም ውስጥ ለጣሊያን አልገዛም ብለው ከተዋጉት ሁሉ ስሙ የገነነው እሱ ነበር። በ1933 ነፃነት ሲመለስ ደጃዝማችነትና የቢቸና ግዛት ተሰጠው። ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ? በወረቀት ካየነው ትልቅ ነው። ነገር ግን ማዕረግ ብቻውን አይመዘንም፤ ከጎን ካለው ጋር ነው። ጫካ ያልገቡ፣ ይባስ ብሎ ለጠላት ያደሩ ሰዎች ከእሱ በላይ ተቀምጠው ማየቱ እንዳቆሰለው በአገሩ በሰፊው ይነገራል። ከመንግሥት ጋር ተጣላ፣ ተያዘ፣ ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት፣ ከእስር አመለጠ፣ እንደገና ተያዘ። በ1937 አዲስ አበባ ውስጥ ተሰቀለ። ከእሱ ጋር ከተሰቀሉት አንዱ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበር፤ በወረራው ጊዜ ከጣሊያን ጎን የተሰለፈ። አምስት ዓመት የተዋጋውና ለጠላት ያደረው በአንድ ዕለት አንድ ፍርድ ተፈጸመባቸው።

በላይ መሸፈቱ ልክ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ያንን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተዋለሁ። እኔ የምለው የእሱ ጥያቄ ስለ ጉልትና ስለ ደመወዝ ብቻ ተደርጎ መተረኩ ያሳንሰዋል ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ፣ ባሕር ዳር ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ተሰይሟል። ጥሩ ነው። ሲሰየም ግን ለማን ነው የተነገረው? ለእኛ ነው። እኛ ደግሞ ቀድሞም እናውቅ ነበር።

ከዚህ ጋር ሌላ ነገር ይመጣብኛል። የጎጃም ገዢ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በ1928 የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ዘምተው ነበር፤ በዚያ ታኅሣሥ ተከዜ አጠገብ የጣሊያን አውሮፕላን መርዝ ጣለባቸው። ከዚያ ጦር የተመለሰ ሰው ቆዳው እንዴት እንደተላጠ፣ ዓይን እንዴት እንደጠፋ ለልጆቹ ነግሯል። ጣሊያን ውስጥ ግን ነገሩ ለአሥርት ዓመታት ተካደ። አንጀሎ ዴል ቦካ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ሰነድ ይዞ ሲጽፍ አገሩን እንደ ከዳ ተቆጠረ። በጦርነቱ የዘመተውና ኋላ ስመ ጥር ጋዜጠኛ የሆነው ኢንድሮ ሞንታኔሊ «እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ጋዝ የሚባል አላየሁም» በሚል አቋሙ ለዓመታት ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ለፓርላማ ጥያቄ በሰጡት መልስ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን አመኑ። ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። ስልሳ ዓመት መሆኑ ነው።

የካሳውን ነገር ልተወው። እኔን የሚከነክነኝ አድራሻው ነው። ሚኒስትሩ የተናገሩት ለራሳቸው ፓርላማ ነው፤ ሞንታኔሊ የታረቀው ከዴል ቦካ ጋር ነው። ተከዜ ዳር ቆዳው የተላጠው ገበሬ በዚያ ውይይት ውስጥ እንደ ማስረጃ ተጠቀሰ እንጂ ማንም ዞር ብሎ አላናገረውም። ጠለፋው ላይ ያየነው ነው፤ ይቅርታው አባት ጋር ደርሶ ይቆማል።

ከጣሊያን ይህን የምንጠብቅ ሰዎች ግን ወደ ምዕራብም ማየት አለብን። የጎጃም መኳንንት ወደ ጉሙዝ ምድር እየወረዱ ለባርነት ሰው ሲፈነግሉ መኖራቸው በታሪክ የተመዘገበ ነው። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ነው፤ የፈንጋዮቹ የልጅ ልጆችም የተፈነገሉት የልጅ ልጆችም ዛሬ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። ስለ ጀግኖቻችን በተሰበሰብንበት መድረክ ሁሉ ይህ ምዕራፍ ሲዘለል አያለሁ። ጣና ዳር ላሉት ወይጦዎችም እንዲሁ። በደንገል የሚሠሩትን ታንኳ ለቱሪስት ስናሳይ እንኮራበታለን፤ ጉማሬ በላችሁ ብለን በአንድ ዕቃ መጠጣት የተጸየፍናቸው እኛው መሆናችን ግን ከአስጎብኚው ንግግር ውስጥ የለም። እንግዳ ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» የሚል፣ «በእግዜር» እስኪባል ድረስም የማይቀመጥ ሕዝብ ነን። ለሸክላ ሠሪዋ ሲነሳ ግን አንድም ሽማግሌ አላየሁም፤ ምጣዷ ባይኖር እንጀራውን በምን ይበላው እንደነበር አላውቅም።

በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። እውነት ማፈላለግ፣ ካሳ፣ ይቅርታ የሚሉ ቃላት አሉበት። እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ሳነብ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ለማን፣ የት ቆሞ ይናገራል? ኮሚሽን ለምክር ቤት የሚያቀርበው ዘገባ ጎጃም ውስጥ ልጇን ለቀበረች ሴት በምን በኩል ይደርሳታል? ይህን የጻፈ አንቀጽ ካለ ቀሪውን በትዕግሥት ላነበው ዝግጁ ነኝ።

ከዚህ ሁሉ ወደ ቤት ስመለስ አክስቴ ትመጣብኛለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልላችን የመሬት ምዝገባ ሲጀመር በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፍ፣ ፎቶግራፋቸውም አብሮ ይለጠፍ ተባለ። አክስቴ ፎቶግራፍ ለመነሳት ከተማ ድረስ መሄዷን ባሏ እንደ ቅንጦት ቆጥሮት ነበር። ሚስት መሆኗ ይታወቃል፤ አረሟን፣ አጨዳዋን፣ ጉልጓሎዋን መንደሩ ያያል፤ ፎቶው ምን ያደርጋል? ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ መጡ። ለአርባው ሳይሆን ለመሬቱ። የአባታችን ነው፣ አንቺ ወደ ወላጆችሽ ተመለሺ አሏት። የቀበሌው ሰው ሁሉ ማን እንዳረሰው፣ ማን እንዳረመው ያውቅ ነበር፤ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ «በቤተሰብ ጉዳይ አንገባም» አሉ። ያዳናት ደብተሩ ነው። የመሬት አስተዳደሩ ባለሙያ ገልጦ ፎቶዋን አየ፣ ፊቷን አየ፣ አለቀ።

ወንድሞቹ ዛሬም ለሚካኤል ዝክር ይመጣሉ። ጠላ ትቀዳላቸዋለች። አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ነገር አንስተው አያውቁም። «በድለንሻል ሳይሉሽ እንዲህ መቀመጣቸው አይቆጭሽም?» አልኳት።

«ቃላቸውን ምን ላደርገው ነው? ደብተሩ ሳጥኔ ውስጥ አለ።»

ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳት። መሬቱ እንደሚበቃት፣ ግን እነዚያ ሰዎች እውነቱን ሳይናገሩ ከእጇ ጠላ መጠጣታቸው ሁለተኛ በደል እንደሆነ አስረዳሁ። በጥሞና ሰማችኝ። «አንተ በየወሩ ደመወዝ ስለሚገባልህ ነው ቃል የሚያምርህ» አለችኝ። አልተቀበልኳትም፤ እሷም አልተቀበለችኝም። ባለፈው ፋሲካ ክርክሩን እንደገና ጀመርኩት። ቡናውን እየቀዳች፣ ዘንድሮ ማዳበሪያው በስንት እንደገባ ጠየቀችኝ።